ፊቴን ሳይጠይቁኝ

አንድ ሰው በገዛ ፎቶው ፊት ለፊት ቆሞ «ነፍስ ይማር» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ «አሜን» ነው ያልኩት። ሌላ ምን ልበል? «አልሞትኩም» ብል ለቅሶ አበላሽ እባላለሁ፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ከሌባም ከሰካራምም ይልቅ የሚጠላው ለቅሶ የሚያበላሽ ሰው ነው። ሌባ ይመከራል። ሰካራም ይተኛል። ለቅሶ ያበላሸ ሰው ግን በተራው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት አያገኝም።

ቆይ። ከመሃል ጀመርኩ። ወሬ አያያዝ አላውቅበትም። የሚያውቅበት ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ነበር፤ እሱ ሲያወራ የሚሠራበት ጋራዥ ሁሉ መፍቻውን አስቀምጦ ይሰማው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የተረፈኝ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ። የዚህ ሁሉ መዘዝ መነሻም ያ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው።

ሸምሱ የሚባል ባለሱቅ አለን። የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቁ ቃሊቲ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከመጋዘኖቹ ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ዲሽ ተከለና ቴሌቪዥኑን ከማካሮኒው መደርደሪያ በላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አመሻሽ ላይ ሳሙና መግዛት አበዛ። ሸምሱ ሕግ አለው፤ የገዛ ይቀመጣል፣ ያልገዛ ይቆማል። እኔ ግን ሳልገዛ እቀመጥ ነበር። አስተርጓሚ ነኛ።

የምናየው ተከታታይ ፊልም የፈረንጅ ነው፤ ወደፊት ይሆናል ስለተባለ ዘመን። ሀብታሞች ከገላቸው ቅንጣት እየተወሰደ የራሳቸውን ኮፒ ያስበቅላሉ። ኮፒው ሰው ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያዝናል። ግን የራሱ አይደለም። ዋናው ሰውዬ ኩላሊቱ ሲበላሽ ከኮፒው ይወሰድለታል፤ ዓይኑ ሲደክም የኮፒው ዓይን ይመጣለታል። የኮፒዎቹ ማሳደጊያ ትልቅ መጋዘን ነው። እንግዲህ እኛ የቃሊቲ ልጆች ነን፣ መጋዘን እያየን ነው ያደግነው። መጋዘን ውስጥ የሚያድገው አይጥ ነው። የፈረንጁ መጋዘን ያሳደጋት ልጅ ግን ጥርሷ ነጭ፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ የተሠራ፣ ስታለቅስ እንኳን አፍንጫዋ የማይቀላ ናት። ደራሲው መጋዘንም ለቅሶም አያውቅም ብዬ ያኔውኑ ፈርጄበታለሁ።

ትርጉሜ… እንዴት ልበል፣ ታማኝ አልነበረም። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ። መብራት ከሄደ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ቀሪውን ከራሴ እጨርስላቸዋለሁ። ሸምሱ እንዲያውም መብራት የጠፋ ቀን ታሪኩ ይሻላል ይል ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚንሰፈሰፉት እትዬ ዘነበች ናቸው። የእድራችን የሴቶች አለቃ ናቸው፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ ሞቷል አይባልም። ኮፒዋን ልጅ አልጋ ላይ አስረው ኩላሊቷን ሊወስዱ የመጡ ለት እትዬ ነጠላቸውን ጨምድደው ተነሱ።

«ገላዋ አይደለም እንዴ? ማንን አስፈቅደው ነው? አፍ አላት፣ አይጠይቋትም?»

«ኮፒ እኮ ናት እትዬ፤» አለ ሸምሱ ብስኩት እያቀበለ። «ዋናዋ ሴትዮ ናት ያሠራቻት።»

«ዝም በል! ያንተን ኮፒ አሠርተው ኩላሊቱን ቢወስዱት ደስ ይልሃል?»

«ኧረ ኩላሊቱን ይውሰዱት፣ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ይክፈትልኝ።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነበች አልሳቁም። «ግፍ ነው!» አሉ፤ እኛም ሳቃችንን ዋጥ አድርገን «ግፍ ነው» አልን። ለፈረንጅ ኮፒ የተቆረቆረ ሰፈር እንደኛ ያለ የለም።

አጎቴ ጋሼ በላቸውም እዚያው ናቸው፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የሰው ሕይወት መምራት ሆኗል።

«ለመሆኑ፣» አሉኝ፣ «ኮፒውና ዋናው ምንም ልዩነት የላቸውም?»

«ምንም፤» አልኩ ተኮፍሼ። «ደማቸው አንድ ነው። እንዲያውም በባዮሎጂ ስናየው የአንድ እናትና አባት ልጆች ግማሽ ኮፒ ናቸው ማለት ይቻላል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ማን ጨምር አለኝ? ማንም። ጋሼ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ረስተውታል ብዬ ረሳሁት።

ከዚያ ጌታሁን ሞተ። ጋራዥ ውስጥ፣ ከባድ መኪና ስር ገብቶ ሲሠራ፣ ክሪኩ ተንሸራቶ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በላይ ማስረዘም አልችልም። ሞክሬአለሁ።

እና እናቴ ፎቶ ፈለገች።

ፎቶ አልነበረም። ወንድሜ ካሜራ ሲያይ ይሸሻል። የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ጀርባው አለ። የጎረቤት ክርስትና ላይ እጁ አለ፣ ትሪ ይዞ። «መልኬን ለምን ለሰው አድላለሁ? የሚፈልገኝ መጥቶ ይየኝ» ይል ነበር። መታወቂያው ላይ የነበረችውም ፎቶ ቱታው ኪስ ውስጥ ሆና በዘይት ተነክራ ጠቁራለች፤ ሰው ይሁን ጎማ አይለይም።

ለቅሶው በርዶ ሰው ሲቀንስ፣ አንድ ጠዋት እናቴ እንዲህ አለች፦ «መልኩ እየጠፋብኝ ነው። ድምፁ አለ፣ አረማመዱ አለ፣ ፊቱ ጋ ስደርስ ይጠፋብኛል። አርባው ሳይወጣ እንዲህ ከሆንኩ ዓመቱ ላይ ምን ሊቀረኝ ነው?»

ይህን ጋሼ በላቸውም ሰምተዋል፤ ወዲያው በጣታቸው ጠቅሰው ወደ በር አወጡኝ።

«ነገ ጢምህን ትላጫለህ፤» አሉ።

«ለምን?»

«ጌታሁን ጢም አልነበረውም።»

«ጋሼ፣ እኔ ጌታሁን አይደለሁም እኮ።»

«ወንድማማች ግማሽ ኮፒ ነው ያልከው አንተ አይደለህም? በባዮሎጂ?»

«ግማሽ ነው ያልኩት።»

«ግማሹን ቢኒያም ይሞላዋል።»

ቢኒያም ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ነው። ዋና ሥራው የሌለ ሰው ማስገባት ነው። አባት ታስሮ ልጅ ክርስትና ከተነሳች፣ ቢኒያም አባትየውን ከድሮ ፎቶ ቆርጦ ከእናትየው ጎን ያቆመዋል። ሚስት ስትመረቅ ባል ከውስጥ ከሆነ፣ አበባ አስይዞ ያመጣዋል። የሰፈር ሰው የቢኒያም ኮምፒውተር ከጠበቃ ይልቅ ብዙ ሰው አስፈትቷል ይላል። የጋሼ በላቸው እቅድ እንግዲህ ይኸው ነው፤ እኔ የጌታሁንን ሱፍ ለብሼ እነሳለሁ፣ ቢኒያም ያስተካክላል፣ ለአርባው በትልቅ ፍሬም ይሰቀላል፣ እናቴ ድንገት አይታ ትጽናናለች።

እምቢ ልል ነበር። መንገዱን ሙሉ እምቢታዬን እያሰማመርኩ ሄድኩ። ግን የእናቴ ነገር… ብቻ እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ቤት እሺ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

እትዬ ዘነበችም የልጁን መልክ በደንብ አውቃለሁ ብለው ተከትለውናል። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና እትዬ አገጬን ጨብጠው ወደ መብራቱ አዞሩት።

«ጌታሁን ግንባሩ ሰፋ ይላል፤» አሉ።

«ግንባር ችግር የለውም፣ እንጨምራለን፤» አለ ቢኒያም።

«ጆሮውም እንዲህ አልተገነጠለም።»

«እንለጥፈዋለን።»

«የዚህኛው ዓይን ደግሞ ፈዘዝ ይላል።»

«የዚህኛው» የተባልኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ አገጬን አመመኝ፤» አልኩ።

«ዝም በል አንተ፣ ትነቃነቃለህ!»

እኒህ እኮ ናቸው ለፈረንጇ ኮፒ «አፍ አላት» ብለው የተነሱት። የእሷ አፍ ቴሌቪዥን ውስጥ ስለሆነ ይሆናል፤ የጎረቤት አፍ አፍ አይደለም። እሷን ደግሞ ሲቆርጧት ቢያንስ ያደነዝዟታል።

ቀጥሎ ክርክር ተነሳ።

«ፈገግ በል፤» አለኝ ቢኒያም።

«ምን ይፈግጋል? ሟች እኮ ነው፤» አሉ ጋሼ በላቸው።

«ጋሼ፣ ፎቶውን ሲነሳ እኮ አልሞተም ነበር።»

«ሰዉ የሚያየው ከሞተ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ጥርስ ይታያል?»

«በቃ፣ ጥርስ ሳይታይ ግማሽ ፈገግታ ይሁን፤» ብለው እትዬ ዘነበች አስታረቋቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ግማሽ ኮፒው ግማሽ ፈገግታ ፈገገ።

በፊልሙ እዚህ ጋ ስትደርስ ኮፒዋ ማሰሪያዋን በጥሳ፣ መስታወት ሰብራ ትሮጣለች። በባዶ እግሯ፣ በጫካ ውስጥ፣ ሙዚቃ እየተከተላት። በጣም ጥሩ። እኔ ወዴት ልሩጥ? በዚህ በኩል ማረሚያ ቤት ነው፣ በዚያ በኩል መጋዘን፣ መሃሉ ላይ ከባድ መኪና። የወንድሜ ጫማ ደግሞ ይጠበኛል። ፈረንጅ ነፃነት ነፃነት የሚለው የሚሮጥበት ጫካ ስላለው ነው።

ፎቶው በሳምንቱ ወጣ። ቢኒያም ከኋላዬ ፏፏቴ ለቆብኛል። ከራሴ በላይ ደመና፣ ከደመናው በላይ ሁለት ርግብ። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ በሱፍ ፏፏቴ ሥር ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ግንባሬ ሰፍቷል፣ ጆሮዬ ተለጥፏል፤ ቀሪው እኔው ነኝ። ጋሼ በላቸው «ቁርጥ እሱ!» አሉ። እትዬ ዘነበች ምርር ብለው አለቀሱ። እንባቸው እውነተኛ ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

በዚሁ ያበቃል ብዬ ነበር። ቢኒያም በሥራው ስለኮራ አንዱን አሳድጎ መስታወቱ ላይ ለማስታወቂያ ሰቀለው። በዚያ ሳልፍ ቆሜ ሳየው ነው አንዲት እስረኛ ጠያቂ፣ የምግብ ሳህን በፌስታል የያዘች ሴት፣ አጠገቤ ቆማ «ነፍስ ይማር፣ ዘመድህ ነው?» ያለችኝ። አሜን ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የሰፈሩ ጎረምሶች ቲሸርት አሳተሙ። ደረቱ ላይ እኔ፣ ከሥሬ «መቼም አንረሳህም» የሚል ጽሑፍ። ከሳሪስ አቦ በታክሲ ስመጣ የማላውቀው አንድ ለባሽ አጠገቤ ተቀመጠ። አየኝ። ደረቱን አየ። እንደገና አየኝ።

«ፍሬንድ፣ ከሱ ጋር ትመሳሰላለህ እኮ!» አለኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«ያስታውቃል! ግን እሱ ይበልጥሃል።»

በገዛ ፊቴ ተበለጥኩ። መጋዘን ያደገችው ልጅ እዚህ አልደረሰባትም።

ጋሼ በላቸው ደግሞ ተመችቷቸዋል። በፊልሙ ከኩላሊት ይጀምራሉ፤ እኛ ጋ ከፊት ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። «ቱታውም ልክህ ይመስላል፤» አሉኝ አንድ ቀን። «ጋራዡ ቦታውን ክፍት አድርጎ እየጠበቀ ነው። ከአርባው በኋላ ትገባለህ።» መኪና የሚነሳው ከፊት ይሁን ከኋላ የማላውቅ ሰው ነኝ። ደግሞም እዚያች መኪና ሥር… ይሄን ተዉት።

አርባው ደረሰ። ፎቶው ድንኳን ውስጥ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ የክብር ቦታ ላይ ቆመ። እኔ ወደ ጓሮ ተላክሁ፣ «አንተ ፊት ለፊት አትታይ፣ ሰው ግራ ይጋባል» ተብዬ። ፊቴ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ይቀበላል፣ እኔ ጓሮ ድስት እፍቃለሁ።

ጋሼ በላቸው እናቴን ደግፈው አስገብተው ነጠላውን ገፈፉት። ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ። የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፦ «ጌታሁኔ! ይህን ፈገግታ አፈር ይብላው?» የተለቀሰለት ፈገግታ እዚህ ጓሮ ሽቦ ይዞ ድስት ይፈገፍጋል።

ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። በድንኳኑ ቀዳዳ አጮለቅሁ። እናቴ ፎቶው ፊት ቆማለች። አታለቅስም። እጇን ዘርግታ መስታወቱን ነካች።

«ይሄ ትንሹ ነው፤» አለች።

«ጌታሁን ነው እንጂ፣ ደንግጠሽ ነው፤» አሉ ጋሼ በላቸው።

«ትንሹ ነው! ልጄ ምን ሆነ? ጠዋት እዚህ ነበር እኮ! ምን አግኝቶት ነው ፎቶው የቆመው? ለምን አትነግሩኝም?»

ዞር ስትል ባለቲሸርቶቹን አየች። ደረት በደረት ተደርድሬያለሁ። ያን ጊዜ ጮኸች። ለጌታሁን እንኳን እንደዚያ አልጮኸችም።

ድስቱን ጥዬ ገባሁ፣ እጄ አረፋ በአረፋ እንደሆነ። ለአርባው ከገጠር የመጡ አክስታችን ፎቶውን እያዩ ሲነፋረቁ ነበርና፣ የሚያለቅሱለት ሰው ውሃ እያንጠባጠበ ሲገባ አዩ። «በስመ አብ!» ብለው ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ሮጦ የደገፋቸው ልጅ ባለቲሸርት ስለነበር ዓይናቸውን ሲገልጡ ደረቱ ላይ አገኙኝ። መልሰው ራሳቸውን ሳቱ።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«አለህ?»

«አለሁ።»

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በላቸው፣ ለልጄ በቁሙ አስለቀስክብኝ?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው። መልኩ ጠፋብኝ ስላልሽ…»

«የዚያኛው ጠፋብኝ አልኩ እንጂ ይሄንን አጥፉልኝ አልኩህ? ማን ፈቀደልህ?»

«ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? የራሳችን ልጅ አይደለም?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ንገራት እንጂ! ፈቅደህ አይደል የተነሳኸው?»

ድንኳኑ ሁሉ አየኝ። ስንት ቀን ያሰማመርኩት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያ ነበረው፣ ማጠቃለያ ነበረው። የወጣኝ ግን ይህ ብቻ ነው፦

«አልተጠየቅኩም።»

«እሱስ እውነቱን ነው፤» አሉ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ አገጬን ሌላ ሰው እንደጨበጠው ሁሉ። «እኔም ያኔውኑ ደስ አላለኝም ነበር።»

ጎረምሶቹ ቲሸርታቸውን ገልብጠው ለበሱ። ሸምሱ ፍሬሙን አንስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ «ወላሂ፣ ፊልሙ ላይ እንዲህ አልነበረም» ሲል ሰማሁት። ጋሼ በላቸው ማንም እንዳላከበራቸው ሰው ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ ስለ ጋራዡም ከዚያ ወዲያ አላነሱብኝም። ሰው ግን በላ። ማን እንደሞተ ለጥቂት ደቂቃ ባይጣራም፣ ወጡ መድረሱ የተጣራ ነበር።

ሰው ሁሉ ሄዶ የእድሩ ልጆች ውጭ የድንኳኑን ብረት ሲነቅሉ፣ እናቴ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና ጠራችኝ። እንደማፈር ብላ ነው የተናገረችው።

«እንዲያው… ካልደከመህ፣ ትንሽ ልይህ? እሱን ፍለጋ ነው። ምናልባት የሆነ ቦታህ ላይ ካለ ብዬ። እምቢ ካልክ አይከፋኝም፣ የራስህ ፊት ነው።»

እምቢ ለማለት ስዘጋጅ የከረምኩ ሰው ነኝ። «እሺ» አልኩ።

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ብርሃን እንዲገባ መስኮቱን ከፈተች። ግንባሬን አየች። ቅንድቤን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ በቀስታ ወደ ጎን አዞረችኝ፣ መለሰችኝ። ቀና በል አላለችኝም፣ ፈገግ በልም አላለችኝም። ውጭ ብረት ይንኳኳል። አፌ አካባቢ ስትደርስ ቆየች፤ ያገኘችው መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። እኔም ለካ እየፈለግሁት ነበር፣ በእሷ ዓይን ውስጥ።

«የለም፤» አለች በመጨረሻ። «አንተ ብቻ ነህ።»

ጌታሁን መሞቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። የሆነ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

እናቴ ሳትጠይቀኝ አቀፈችኝ። ለዚህኛው አልተከራከርኩም።